መኪናው ሳይነሳ

ሬሳ የሚጭን መኪና ዋጋው ሕያው ሰው ከሚጭነው ይወደዳል። ጅማ ውስጥ ሰው አስታሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሂሳብ ያውቀዋል። ሹፌሩ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ይጠይቃል፤ "በሽተኛ ነው አስከሬን?" መንገዱ ሩቅ ከሆነ ልዩነቱ ቤተሰብ ያናጋል።

ስለዚህ ዋርድ ውስጥ አንድ ሰው እየደከመ ሲሄድ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መኪና ነው። አስታማሚዎቹ ኮሪደር ላይ ተሰብስበው ሲያንሾካሹኩ ካየሁ ነገሩ ይገባኛል። ነፍሱ ሳትወጣ ይድረስ ነው ጉዳዩ። ከዚያ ታላቅየው ወንድም ይመጣና "ሲስተር፣ ፈርመን እንውሰደው" ይላል። ወረቀቱ ይመጣል፣ ይፈረማል፣ ክንዱ ላይ የተሰካው የመድኃኒት ቱቦ፣ ካኑላው፣ ይነቀላል። በሽተኛው በጋቢ ተጠቅልሎ በሸክም ይወርዳል። አንዳንዴ መድኃኒቱ ሳይጻፍለት። አንዳንዴ ወዴት እንደሚወሰድ እሱን ማንም ሳይጠይቀው።

እኔ ነርስ ነኝ። በሰዎቹ አልፈርድም፤ የመኪናውን ብር የምከፍለው እኔ አይደለሁም። ደግሞም ቤቱ ገብቶ መሞት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። እኔም ብሆን ብረት አልጋ ላይ፣ የማላውቀውን ሰው ሳል እየሰማሁ መሞትን አልመኝም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ወልዳ የምትወጣ እናት ከመሄዷ በፊት ስለ ጡት፣ ስለ እትብት፣ ስለ ክትባት ይነገራታል፤ ቀጠሮ ይጻፍላታል። ለመሞት የሚወጣ ሰው ግን "እንግዲህ የሚወደውን ስጡት" ተብሎ ይሸኛል። ሁሉም ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አያውቅም።

ጅማ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ የሕክምና ከተማ ናት። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከዴዶ ብቻ አይደለም፤ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከዳውሮ ድረስ በሽተኛ ይመጣል። ቤት ማለት ለአንዱ እዚሁ ከተማው ውስጥ በባጃጅ የሚደረስ ሂርማታ ነው። ለሌላው ክረምት ላይ መኪና የማይገባበት፣ በቃሬዛ የሚደረስ ቀበሌ ነው። ለሁለቱም ያንኑ ወረቀት ነው የምንሰጠው።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከወሬው ነው። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ይናገራል። ቤተሰቡ ከበሽተኛው ይደብቃል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ በር ላይ ያዘኝና "አባታችን አያውቅም፣ አደራ እንዳትነግሪው" አለኝ። እሺ ብዬ ገባሁ። አባትየውን ቁስላቸውን ሳጥብ፣ "አባባ፣ ሕመሙን እርስዎ እንዴት አዩት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ሌላ ምንም አላልኩም። ትንሽ ዝም ብለው፣ "እኔማ አውቄዋለሁ ልጄ። ልጆቹ እንዳይደነግጡብኝ ነው ዝም ያልኩት" አሉ። እሳቸው ከልጃቸው፣ ልጃቸው ከእሳቸው ተደባብቀው ስንት ቀን እንደከረሙ እግዜር ይወቀው።

ማድበስበሱ ከክፋት አይደለም። እኛ እኮ መርዶ ለመንገር ዘመድ ሰብስበን፣ ሽማግሌ አስቀድመን፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል በር የምናንኳኳ ሰዎች ነን። ክፉ ወሬ ሰው ሳያዘጋጁ እንደማይነገር ከማንም በላይ እናውቃለን። የሚገርመኝ ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ሆስፒታል በር ላይ መቅረቱ ነው። ትልቁ ወሬ ቆሞ፣ በሁለት የሐኪሞች ዙር (ራውንድ) መሃል፣ ኮሪደር ላይ፣ ለቀረበው ዘመድ ይነገራል። ወንበር እንኳን የለም። ወንበር ቢኖር፣ የሚቀርበው ልጅ ብቻ ሳይሆን እቤት የምታስታምመዋ ልጅም ብትጠራ፣ በሽተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ቀድሞ ቢጠየቅ፣ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። አንዳንዱ "ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልፈልግም" ይላል። ይኼም መልስ ነው። ዋናው መጠየቁ ነው።

ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ የሚመልሱት ሁሌ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ወደ አጋሮ በኩል ነው ቤታቸው። የጡት ካንሰር ነው፣ እንደ ብዙዎቹ ዘግይተው ነው የመጡት። ሕመማቸው በመድኃኒት ተይዞላቸዋል። ያልተያዘው ሽታው ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ባክቴሪያ ሲገባበት የሚሸተው ሽታ ከልብስም ከፍራሽም አይለቅም። ጎን ያሉት በሽተኞች አፍንጫቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ እናትየው ያዩታል። ልጃቸው ሽቶ ትረጫለች፤ ሁለቱ ሲቀላቀል ደግሞ የባሰ ነው።

"እማማ፣ ቤት ሲገቡ ምን እንዲሆንልዎ ይፈልጋሉ?" አልኳቸው። "ጓዳ እንዳታስገቡኝ" አሉ። ሳሎን፣ በሩ አጠገብ ነው የፈለጉት። ሰው ሲገባ ሲወጣ ማየት፣ ቡና ሲቆላ መስማት። ልጆቹ ግን ጓዳውን ቀለም ሁሉ ቀብተው አዘጋጅተው ጨርሰዋል። እንግዳው እንዳይሳቀቅ፣ እናታቸውም እንዳያፍሩ ብለው ነው። ክፋት የለበትም። ግን ጓዳ ማለት ለእሳቸው ገና ሳይሞቱ መቀበር ነበር።

ለሽታው መፍትሔው ውድ ነገር አይደለም። ሜትሮኒዳዞል ነው፣ ሰው ሁሉ ለአሜባ የሚወስደው እንክብል። ቁስሉ አፍልተው ባቀዘቀዙት የጨው ውሃ ይታጠባል፤ የተፈጨው ዱቄት ይነሰነስበታል፤ በንጹህ ጨርቅ ይሸፈናል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽታው በጣም ይቀንሳል። ልጅቷን አስቀምጬ አሳየኋት። እንክብሉን በሁለት ማንኪያ መሃል አድርጋ ስትጫነው ተፈናጥሮ አልጋ ስር ገባ። ሁለተኛውም እንደዚያው። እናትየው ሳቁ፤ "ቡና መውቀጥ ያላስተማርኳት መስሎሻል" አሉኝ። በሦስተኛው በጨርቅ ጠቅልላ ፈጨችው። የሄዱት ሳሎን ነው። በኋላ ስትደውል ጎረቤቶቹ ቡና ሊጠጡ መግባት እንደጀመሩ ነገረችኝ። ለዚያ ቤት ከሕመም ማስታገሻው ከሞርፊኑ እኩል የሠራው ይኼ ርካሽ እንክብል ይመስለኛል።

ሞርፊን ካነሳን አይቀር። ስሙ ሲጠራ ቤተሰብ ይደነግጣል። አንዱ ፍርሃት ሱስ ነው። ሌላው "ሊገላግሉት ነው እንዴ?" የሚለው ነው። በእውነቱ ፍርሃቱ ነጭ ጋዋን የለበሰውም ጋ አለ፤ ሳይሰጥ ቢቀር የማይጠየቅ፣ ሰጥቶ ቢሞት የሚጠየቅ የሚመስለው ባለሙያ ጥቂት አይደለም። ሕመም ያለበት ሰው በልኩ ሲወስደው ግን ሕመሙን ነው የሚይዝለት። መጀመሪያ ሰሞን ያስተኛዋል፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለምደዋል። ያ እንቅልፍ አንዳንዴ ለሳምንታት ሳይተኛ የከረመ ሰው እንቅልፍ ነው። ልክ አለው ማለት ግን ልክ አለው ማለት ነው። ቤተሰብ በራሱ መጠን አይጨምርም፤ ካልበቃው ይደውላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰር ሕመምን በደረጃ የማስታገሻ መመሪያውን ሲያወጣ ዋናው ነገር መድኃኒቱ በአፍና በሰዓቱ እንዲሰጥ ነው። ቤት ሲደረስ የሚጠፋው "በሰዓቱ" የሚለው ነው። ሲያቃስት ብቻ ይሰጡታል። ዝም ካለ "ዛሬ ተሽሎታል" ብለው ይተዋሉ። ሕመም አንዴ ከተነሳ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው። ፈሳሹ ሞርፊን የሚሰጠው በየ4 ሰዓቱ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይኼ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ 4። የሌሊቱን 8 ሰዓት ለመዝለል ሐኪሙ የመኝታውን መጠን ከፍ አድርጎ ሊያዝ ይችላል። ሰዓቶቹን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፉት እላለሁ። ሲሰጥ ምልክት ማድረግ ነው። ማንበብ የማይችል ካለ ፀሐይና ጨረቃ እስላለሁ። የሥዕል ችሎታዬን ያየ አይፈርድብኝም።

ስለ ሆድ ድርቀት ማንም አያነሳም፤ ነውር ነው መሰለኝ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ የማያደርቀው ሰው ጥቂት ነው። ሞርፊን ሲጻፍ የሆድ ማለስለሻው ቢሳኮዲል አብሮ ካልተጻፈ በሽተኛው ከካንሰሩ ይልቅ በሆዱ ነው የሚሰቃየው። ከዚያ ቤተሰቡ "ይኼ መድኃኒት ነው የጎዳው" ብሎ ጠርሙሱን ያስቀምጠዋል። ተልባ እንስጠው የሚሉም አሉ። ውሃ በደንብ ለማይጠጣ ሰው ተልባ ጭራሽ ያባብሳል።

አቅርቦቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ሞርፊን እንደ ፓራሲታሞል በየፋርማሲው አይገኝም፣ በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው። ከጅማ ጠርሙሱን ሳይዝ የወጣ ሰው ወረዳ ደርሼ አገኛለሁ ቢል ዘበት ነው። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ "ጠርሙሱ ሲጋመስ ማን ነው የሚመጣው?" ሁሌ "እንመጣለን" ነው መልሱ። "እንመጣለን" ሰው አይደለም። የአንድ ሰው ስም እፈልጋለሁ። የወንድምየው ልጅ በየሳምንቱ ጫት ይዞ ጅማ የሚገባ ከሆነ እሱ ይሁን። ዩጋንዳ ይህን ችግር በከፊል የፈታችው በ2004 ሕግ አሻሽላ ነው፤ በሙያው የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ተፈቀደላቸው። እኛ ጋ ያ ቢሆን ብዬ አስባለሁ። ከአንድ ጠርሙስ በላይ የሚኖር ሰው ስንት አለ።

ከሞርፊን ቀጥሎ ትልቁ ጦርነት ምግብ ነው። "በሞቴ፣ ይችን ብቻ።" የሚሞትን ሰው በሞቴ እያሉ ያጎርሱታል። አፉን ሲዘጋ እናት ታለቅሳለች። አክስት ደግሞ "እንዴት ዝም ብላችሁ ታዩታላችሁ፣ በረሃብ ልትገድሉት ነው?" ትላለች። ከከተማ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ካለ እሱ ይብሳል፤ ሳምንታት ያላየውን ሰው በአንድ ቀን አብልቶ ሊያድን ይነሳል። (እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ቤት አይቼ አላውቅም።)

ሰውነት ሥራውን ሲዘጋ ምግብ አይጠይቅም። ሰውየው የሚሞተው ስላልበላ አይደለም፤ የማይበላው እየሞተ ስለሆነ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመሄዳቸው በፊት እናትየው ፊት፣ አክስትየው ፊት፣ ከተቻለ በስልክ ለከተማው ዘመድም እላለሁ። በግድ ያጎረሱት አጥሚት ትን ይለዋል። ሳንባው ይገባል። ከዚያ በሰላም ሊያልፍ የነበረው ሰው በሳልና በትኩሳት ነው የሚያልፈው። ከፈለገ ግን ምንም አይከለከልም። ቡና አማረኝ ካለ ቡና ይቅመስ። የስኳር በሽተኛ ነበር ብሎ ማር የሚከለክል ካለ፣ አሁን ያ ጊዜ አልፏል።

ሆድ የሚበላው ለእናትየው "ምንም አታድርጊ" ማለት ነው። እጇ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራ እሰጣታለሁ። ንጹህ ጨርቅ ውሃ ነክራ አፉን ታርስለት። ከንፈሩን ቫዝሊን ትቀባ። በየ2 ሰዓቱ ታገላብጠው፤ ጀርባው፣ ዳሌው፣ ተረከዙ ቀላ ብሎ እንደሆነ ትይ። አሮጌ ነጠላ አጥባ፣ ቀድዳ፣ ከስሩ ታንጥፍ፤ የአዋቂ ዳይፐር ዋጋው አይቀመስም።

ግሉኮስ የሚባል ነገርም አለ። ቤት ገብተው በማግስቱ ከሰፈር ክሊኒክ ሰው ተጠርቶ ግሉኮስ ይሰቀላል። ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሲንጠባጠብ ሲታይ ቤተሰቡ ያርፋል፤ አንድ ነገር እየተደረገ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ሰውነቱ ያንን ውሃ የሚያደርስበት የለውም። እግሩ ያብጣል፣ ደረቱ ይንተከተካል። ክፍያው ሳይረሳ። የሰፈር ክሊኒኩንም አልወቅስም፤ አልቅሰው ይለምኑታል።

ከዚህ ሁሉ ግን ሰው በመንፈቀ ሌሊት በባጃጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስመልሰው ጣሩ ነው። ጣር ምን እንደሚመስል ዛሬ ብዙ ወጣት አያውቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል። እጁና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይዝጎረጎራል። ሽንቱ ይቀንሳል። የሞተ ዘመዱን ሊያናግር ይችላል፤ ካልፈራ ተዉት ያናግረው። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ አለቀ ስትሉ ይመለሳል። ጉሮሮው ይንኮራኮራል። ድምፁ ለሚሰማው ይከብዳል እንጂ እሱን እምብዛም አያስጨንቀውም፤ ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ በጎኑ ማስተኛት ይረዳል። የምታወሩትን ሳይሰማ አይቀርም፣ ስለዚህ አልጋው አጠገብ ስለ ቀብርና ስለ መኪና አታውሩ። መዋጥ ሲያቅተውስ? ሐኪሙ ያዘዘውን የሞርፊን ጠብታ በጉንጩ በኩል ቀስ አድርጎ ማንጠባጠብ ይቻላል። ይህን ሁሉ ቀድሞ የሰማ ቤተሰብ ይደነግጣል ግን አይሮጥም። ያልሰማ ቤተሰብ ይሮጣል፤ ሰውየውም መንገድ ላይ ያልፋል።

አንድ ነገር ግን የሕክምና መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ቄሱ መቼ ይጠሩ? ሥጋ ወደሙ መቀበል የሚፈልግ ሰው መዋጥ መቻል አለበት። ቤተሰብ ግን የነፍስ አባት መጥራትን ተስፋ ከመቁረጥ ስለሚቆጥረው እስከ መጨረሻው ያዘገያል፤ ሲመጡ አይውጥም፣ ንስሐ እንዳይገባ አይናገርም። ይኼ ጸጸት ከቤተሰቡ ለዓመታት አይወጣም። እኔ ወለም ዘለም ሳልል "ይኼን ሳምንት አድርጉት" እላለሁ። ቄሱ የሚመጡበት ሰዓት ከታወቀም ሐኪሙን አስፈቅደን መድኃኒቱን ከዚያ ጋር እናስማማዋለን፤ ሕመም ሳይነሳበት፣ ነቅቶ እንዲያገኙት። ሙስሊም ቤትም ያው ነው። አልጋው ወደ ቂብላ እንዲዞር፣ ሸሃዳ የሚያስብሉት ሰው ቅርብ እንዲሆን፣ ከቀብሩ ፍጥነት የተነሳ ሩቅ ያለው ልጅ አስቀድሞ እንዲነገረው። ጸበል የሚፈልግም ይሂድ፤ የምለምነው ጠርሙሱን ይዞ እንዲሄድ ብቻ ነው።

ኑዛዜውንም እግረ መንገዴን አነሳለሁ፣ ሰው ባይወድልኝም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ 4 ምስክሮች ባሉበት ተነቦ መፈረም አለበት። ተናዛዡ ራሱ በእጁ ሲጽፈው ሌላ ነው። በጣር አልጋ ላይ የተሰማ ቃል ይዘው ፍርድ ቤት የሚካሰሱ ወንድማማቾች ስለማውቅ ነው የምናገረው። ቡና መሬት ያለበት አገር ነው።

እሺ፣ ይኼ ሁሉ ተነገረ እንበል። መኪናው ከሄደ በኋላስ ማን ያያቸዋል? ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው ሕመም አስታጋሽና ደጋፊ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው 14 በመቶው ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን በየቤቱ ይልካል። ጅማ ላይ ግን እኔ የምጽፈው ስልክ ቁጥር የራሴ ነው። ብዙ ሰው አይደውልም። ሲደውሉም ብዙ ጊዜ ስልክ ላይ የምመልሰው ነገር ነው፤ "አስታወከው፣ እንደገና እንስጠው?" "ዛሬ አልነቃም፣ ይሁን?" አንድ የሚያነሳ ሰው መኖሩ ብቻ ስንት ባጃጅ እንደሚያስቀር።

ሰው የለም እንዳይባል ሰው አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ እናት ስትወልድ ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ። ለሚሞት ሰው የሚሄዱበት ቅጽ ግን አላየሁም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎችም አሉ። ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ የሚወጡበት ሥልጠና ዩኒቨርሲቲው ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ መጸዳጃ ቤት ይቆጥራሉ፣ ክትባት ያያሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በዚያ ዙረት አንድ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ቤት ገብተው ቁስል ቢያጥቡ ምን ይጎድልባቸዋል? ሕንድ ውስጥ በኬረላ ሥራውን የሚሠሩት በዋናነት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ጎረቤት ሠልጥኖ፣ ጎረቤት ሳንቲም አዋጥቶ፣ ነርስና ሐኪም ከኋላ ሆነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ እድር ነው። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሽሮ የሚሠራው ተመድቧል፣ ሌሊት የሚያድረው ታውቋል። ለዚያ ቀን እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ የት ይገኛል? ያ ሰው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ግን አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን ስታገላብጠው ነበር። ኤችአይቪ በከፋበት ዘመን፣ መድኃኒቱ እንደ ልብ ሳይገኝ፣ ቤት ለቤት እንክብካቤ ውስጥ የገቡ እድሮች ነበሩ። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

ባለፈው የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። አንድ ጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ሁለት የፕላስቲክ አንሶላ፣ ካዝናው ከፈቀደ ጅማ ገብቶ መድኃኒት ለሚያመጣ ሰው የትራንስፖርት፣ እና በሳምንት ሁለት ሌሊት ልጅቷን አስተኝቶ የሚያድር ሰው። ይኼው ነው የጠየቅኩት። ዳኛው ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ እድር እኮ ለሞተ ነው የሚከፍለው። ሰውየው ካልሞተስ?" አሉ። ሰው ሳቀ። "ካልሞተማ ፍራሹን ይመልሳል" አልኳቸው። ከኋላ አንድ ሰው "ወንበሩንም እኮ በስንት መከራ ነው የምንሰበስበው" አለ። እውነቱን ነው። አንዲት እናት ደግሞ ተነስተው "እኔ ባሌን ብቻዬን ነው ያስታመምኩት፣ ማደሩን እኔ አድራለሁ፣ ፍራሹን ግዙ" ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ስለ መዋጮ ጭማሪ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ የተነሳሁበት ነገር እዚያው ተዋጠ። ሊበተን ሲል ዳኛው አስታወሱት። ለሚቀጥለው ወር አደረ። እስከዚያ ጸሐፊው ጅማ መርካቶ ወርዶ የፍራሹን ዋጋ ጠይቆ እንዲመጣ ተነግሮታል።